ስለ ሯጭ ማዕድና ስለ ሰውነት ሚዛን



ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት እንቅልፍ ተናግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከጎባ ሆነን ስለ ሯጭ ልጅ ምግብና ስለ ሰውነት ክብደት ጥቂት ቃል እናቀርባለን። ይህ ነገር የስፖርት ሰዎች ጉዳይ ነው እንጂ እኔን አይነካኝም የሚል አንባቢ ቢኖር፤ ሯጭ የሚሮጠው በሜዳ ቢሆንም የሚበላው በቤት መሆኑን አስቦ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንዲያነብልን እንለምነዋለን።

ባሌን ያየ ሰው በማለዳ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚታየውን ያውቃል። ሁለቱ ከተሞች ወደ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፤ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ስለሚገኙ፤ ከሮቤ ለሚነሣ ሰው መንገዱ ቀስ በቀስ የሚወጣ ዳገት ነው። ጭጋጉ ከስንዴውና ከገብሱ ማሳ ላይ ሳይነሣ፤ ወንዶችም ሴቶችም ልጆች ሁለት ሦስት እየሆኑ የመንገዱን ዳር ይዘው ይሮጣሉ። የበረቱትም ከጎባ ወደ ደቡብ ወጥተው ወደ ሳነቴ በሚያደርሰው አቀበት ላይ ይለማመዳሉ። የሳነቴ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ አለው፤ በላዩ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዚያ አየሩ ስስ፤ ሌሊቱም ውርጭ ነው።

እንዲህ ባለ አገር ልጁን ከሩጫ የሚከለክል አባት እያነሰ ሄዷል፤ ምክንያትም አለው። በጎረቤታችን በአርሲ ከበቆጂ ደራርቱ ቱሉ፤ ፋጡማ ሮባ፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። ከእነዚህም ፋጡማ ሮባ ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሎምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ፈጽማ፤ ከአፍሪካ ሴቶች በዚህ ርቀት የኦሎምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዪቱ ሆነች። ከእኛም ከባሌ የተወለደው ኢብራሂም ጄይላን ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. በደቡብ ኮርያ በዳጉ ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፤ በ10,000 ሜትር ሩጫ እንግሊዛዊውን ሞ ፋራህን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ቀድሞ በ27 ደቂቃ ከ13 ሴኮንድ ከ81 መቶኛ ሴኮንድ የወርቅ ሜዳልያ ተቀበለ። ሁለት ዓመት ቆይቶም በሞስኮ በዚያው ርቀት ሁለተኛ ሆነ። እንግዲህ የባሌ ልጅ ይህን ሰምቶ በማለዳ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም።

ነገር ግን ከመልካሙ ወሬ ጋር አንድ ክፉ አሳብ አብሮ ገብቷል። ልጆቻችን የታላላቆቹን ሯጮች ፎቶግራፍ እያዩ፤ «እነዚህ ሰዎች ቀጫጮች ናቸው፤ ስለዚህ እኔም ብቀጥን እንደ እነርሱ እሆናለሁ» ይላሉ። ይህ ፍሬውን እንደ ሥር መቁጠር ነው። ሯጭ የሚቀጥነው ብዙ ዓመት ስለሠራ ነው፤ ያለ ምግብ የቀጠነ ሰው ግን ሯጭ ሳይሆን ሕመምተኛ ይሆናል። ይህን በሰው ቤት አይቼ አይደለም የምናገረው፤ በራሴ ቤት ሆኖ ነው።

የእኅቴ ልጅ የ17 ዓመት ልጅ ናት። እናቷ በዲንሾ ስለምትኖር፤ ልጅቱ ለትምህርት ከእኔ ዘንድ በጎባ ተቀምጣለች። ከሁለት ዓመት በፊት ሩጫ ጀመረች፤ በትምህርት ቤቶች መካከልም በተደረገው ውድድር ሦስተኛ ሆነች። ከዚያ በኋላ የሚያሠለጥናት ሰው፤ «ሁለት ሦስት ኪሎ ብትቀንሺ አንደኛ ትሆኚያለሽ» አላት። ሰውየው በክፋት የተናገረው አይመስለኝም፤ እርሱም ከሌላ የሰማውን ደገመው። ልጅቱ ግን ቃሉን እንደ ሕግ ተቀበለችው። በመጀመሪያ የማታውን እንጀራ ተወች። ቀጥሎም ቅቤና ወተት «አይስማማኝም» አለች። ከማዕድ ስትጠራ «ጠግቤአለሁ» ማለት ልማዷ ሆነ።

በዚህ መካከል ዐቢይ ጾም ገባ። ልጅቱ ከንጋት በፊት ተነሥታ 12 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች፤ ከዚያም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ከዘጠኝ ሰዓትም በኋላ የምትቀምሰው ጥቂት ነው። እኔም ከልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደግሁ ሰው ነኝና፤ ይህን ባየሁ ጊዜ ልቤ ደስ አለው። በእንግዶች ፊት እየጠራሁ አመሰገንኋት፤ ለወንዶቹም ልጆቼ ምሳሌ አድርጌ አቀረብኋት። ጾሙ ለእርሷ መሸሸጊያ እንደ ሆነ አላወቅሁም። ከዚህ በላይ የሚያሳፍረኝ ነገር የለም።

ሁላችንንም ያሳሳተን አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም በመጀመሪያው ሁለት ወር ሰዓቷ መሻሻሉ ነው። ሸክም የቀለለለት ሰው ለጊዜው ይፈጥናልና። ኋላ ግን ፊቷ ጠቆረ፤ በእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ትንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሌሊት እንቅልፍ አጣች፤ በትንሹም በትልቁም ታለቅስ ነበር። ጉንፋን ከያዛት አይለቃትም። የእግሯንም አገዳ ታሽ ነበር። እኅቴ ለፋሲካ ከዲንሾ በመጣች ጊዜ ጠይቃ እንደ ተረዳችው፤ የልጅቱ ልማደ አንስት ከተቋረጠ አምስት ወር ሆኖት ነበር። ልጅቱ ግን ከጓደኞቿ «ሯጭ ሁሉ እንዲህ ነው» የሚል ሰምታ ዝም ብላ ነበር። በግንቦት ወር ወደ ሮቤ ቁልቁል ስትሮጥ በአገዳዋ ላይ ብርቱ ሕመም ተሰማት፤ በሰው ትከሻ ተደግፋ ወደ ቤት ገባች።

ሐኪሟ በራጅ ካየቻት በኋላ አጥንቱ በመውደቅ ሳይሆን በድካም ብዛት እንደ ተሰነጠቀ ነገረችን። ልጅቱን ምን እንደምትበላ ጠየቀቻት፤ የተሰጣትንም መልስ ጻፈች። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብላ፤ «ጋሼ፤ በቤትዎ አስቀድሞ የሚበላው ማን ነው?» አለችኝ። እኔ ሥራዬ በፍርድ ቤት የሰውን ቃል መጻፍ ነው፤ ስለዚህ ተጠያቂ ሰው መልስ ሲያጣ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። በዚያ ቀን እንዲያ ሆንሁ።

እውነቱ ይህ ነው። በቤቴ አስቀድሜ የምበላው እኔና እንግዶቼ ነን። ቀጥለው ወንዶቹ ልጆች ይቀርባሉ። ሴቶቹ ከሁሉ በኋላ ከተረፈው ይቀምሳሉ። ቅቤው፤ ሥጋውና እንቁላሉ በፊተኛው ማዕድ ያልቃል። እኔ ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በወንበር ላይ እውላለሁ፤ ክብደቴም 84 ኪሎ ነበር። ልጅቱ በማለዳ 12 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች፤ ክብደቷም 46 ኪሎ ሆኖ ነበር። ተቀማጩ አስቀድሞ አብዝቶ ይበላል፤ ሯጭዋ ኋላ ጥቂት ትበላለች። ማዕዳችን ተገልብጦ ነበር። ልጅቱ «ጠግቤአለሁ» ስትል ማንም ያልመረመራት፤ ድሮም ቢሆን የእርሷን ድርሻ የሚቈጥር ሰው ስላልነበረ ነው።

እንግዲህ ሐኪሟ ያስረዳችኝን፤ እኔም ከዚያ በኋላ አንብቤ የተረዳሁትን በአጭሩ ልግለጽ።

የምግብ ኀይል በኪሎ ካሎሪ ይለካል። ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ ወደ 1 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል። ስለዚህ 50 ኪሎ የምትመዝን ልጅ 12 ኪሎ ሜትር ብትሮጥ ወደ 600 ኪሎ ካሎሪ ታወጣለች። ይህን ለመመለስ ብቻ ከ160 ግራም የበለጠ የጤፍ ዱቄት ያስፈልጋል። ይህም ለመኖር፤ ለመማርና ለማደግ በየቀኑ ከሚያሻት ከወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ የሚጨመር ነው እንጂ ከዚያ ላይ የሚቀነስ አይደለም። ባለ ፈረስ የሆነ አንባቢ ይህን ያለ ቁጥር ያውቀዋል። ለጉግስ የሚዘጋጅ ፈረስ ገብሱ ይጨመርለታል፤ ገብሱን ነሥቶ «ቀላል ሆነህ ሩጥልኝ» የሚል ባልደራስ በማንም ቤት አይውልም አያድርም።

ምግቡ ሲጎድል ሰውነት ምን ያደርጋል? ሀብቱ የጎደለ ቤተ ሰብ የሚያደርገውን ያደርጋል። እንዲህ ያለ ቤተ ሰብ ለዕለቱ እሳት እንዲኖረው፤ አጥር ማጠሩንና ጣራ መክደኑን ለነገ ያቆየዋል። ሰውነትም ልብና አንጎል እንዲሠሩ ብሎ ሌላውን ይተዋል። በሴት አስቀድሞ ልማደ አንስትን ያቋርጣል። ቀጥሎም አጥንት መጠገኑን ይቀንሳል፤ የሰውነትን ሙቀትና በሽታን የሚከላከለውን ኀይል ያሳንሳል። ወንድም ከዚህ አያመልጥም፤ በእርሱ ግን በግልጽ የሚታይ የወር ምልክት ስለሌለ ዘግይቶ ይታወቃል። የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ይህን ሁሉ በአንድ ስም ጠርተው፤ በስፖርት የሚመጣ የኀይል ጉድለት መሆኑን ለዓለም አሠልጣኞች አስታውቀዋል። ይልቁንም ሰው የአጥንቱን ጽናት አብዛኛውን የሚያከማቸው ሃያ ዓመት ሳይሞላው ስለሆነ፤ በ17 ዓመት የባከነ አጥንት በ40 ዓመት ተፈልጎ አይገኝም።

«ታላላቆቹ ሯጮችስ እንዴት ይበላሉ?» የሚል ቢኖር፤ ይህም ተመዝኗል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በወጣ አንድ ጥናት፤ የታወቁ ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮች የሚበሉት ምግብ ለሰባት ቀን ተመዝኖ ነበር። ከሚያገኙት ኀይል ወደ 64 ከመቶ የሚሆነው ከእህልና እርሱን ከመሰለው፤ ወደ 23 ከመቶ ከቅባት፤ ወደ 12 ከመቶ የሚሆነው ገንቢ ከሚባለው ምግብ ነበር። ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባን ግን፤ ያወጡት ኀይልና የበሉት ምግብ ተቀራራቢ ሆኖ መገኘቱ ነው። የቀጠኑት ተርበው አልነበረም፤ የሠሩትን ያህል ይበሉ ነበር።

የባሌ ቤት ደግሞ ለዚህ የሚሆን ነገር አላጣም። ገብሳችን በሶ ይሆናል፤ በቅቤ ታሽቶ ጩኮ ይሆናል፤ ተገንፍቶም ከወተት ጋር ይቀርባል። ስንዴው ዳቦና ቂጣ ነው። ከሐረና ጫካ ማር ይወርዳል። ወተት፤ እርጎና አይብ በየቤቱ ነው፤ ወተቱ ግን ከላም ወለድ በሽታ ለመዳን ሳይፈላ መጠጣት የለበትም። ድንቹ፤ ባቄላው፤ አተሩና ምስሩም አለ። ከባሕር ማዶ በጣሳ ታሽጎ በብዙ ብር የሚሸጠውን የሯጭ ዱቄት የሚመኙ ወጣቶች አሉ፤ አያቶቻቸው ለረጅም መንገድ በስልቻ ይዘውት የሄዱት በሶ ግን በማጀት ተቀምጧል። በጥቂት ጨውና በማር የተበጠበጠ በሶ ከሩጫ ለተመለሰ ልጅ መልካም መጠጥ ነው።

ስለ ጾምም ሳልናገር አላልፍም፤ በዚህ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም ጾመኛ ነውና። የእኛ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ በረመዳን ወር ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ ውሃ ስንኳ አይቀምሱም። ጾም ሯጭን አይከለክልም። ሃይማኖታቸውን ጠብቀው ለድል የበቁ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ጾም ሰዓትን መጠበቅና ምግብን መለየት ነው እንጂ አካልን ማጥፋት አይደለም። የጾም ምግብም ሙሉ ሊሆን ይችላል። እንጀራ ከሽሮና ከምስር ጋር ሲበላ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል፤ የኑግ፤ የሰሊጥ፤ የተልባና የሱፍ ቅባትም ብዙ ኀይል አለው። ብርቱው ሩጫ ወደ መብያ ሰዓት እንዲቀርብ ማድረግ ይገባል፤ ክርስቲያኑ ከዘጠኝ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ፤ እስላሙም ከአፍጥር በፊት ባለው ሰዓት ቀለል አድርጎ ቢሮጥ፤ የወጣው ኀይል ወዲያው ይመለሳል። የታመመ ሰው ግን ወደ ነፍስ አባቱ ሄዶ ይጠይቅ። የእስልምናም ሕግ ለሕመምተኛና ለመንገደኛ ጾሙን ወደ ሌላ ቀን እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል። የእኅቴን ልጅ የነፍስ አባት ሄጄ ባማከርኋቸው ጊዜ፤ ገሥጸው የሰደዱት እርሷን ሳይሆን እኔን ነው።

አሁን ወደ ሚዛን እንመለስ። ሚዛን እውነተኛ ምስክር ይመስላል፤ ነገር ግን መስቀለኛ ጥያቄ ካልቀረበለት ያሳስታል። ሰውነት ለሩጫ የሚሆነውን የእህል ኀይል በጡንቻና በጉበት ያስቀምጣል፤ ልኩም ከ400 እስከ 500 ግራም ያህል ነው። እያንዳንዱም ግራም ወደ 3 ግራም የሚሆን ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ልጅ ሁለት ሦስት ቀን እንጀራና ዳቦ ቢተው፤ ሚዛኑ እስከ ሁለት ኪሎ የቀነሰ ሆኖ ያሳየዋል። ልጁም ስብ የጠፋ መስሎት ይደሰታል። የጠፋው ግን ስብ አይደለም፤ ውሃውና ለነገ ሩጫ የተቀመጠው ስንቅ ነው። አንድ ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፤ እርሱም በሁለት ቀን ረሃብ የሚጠፋ አይደለም። እንዲሁም ከረጅም ሩጫ በኋላ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው አንድ ሊትር ውሃ በላብና በትንፋሽ አጥቷልና ሊጠጣ ይገባዋል። በደጋ ብርድ ላብ ስለማይታይ ጥማቱም ይረሳል፤ ደረቁ የደጋ አየር ግን በየትንፋሹ ውሃ ይወስዳል።

በእውነት መቀነስ የሚገባው ሰውስ? እርሱም አለ፤ ብዙ ጊዜም በወንበር ላይ ይገኛል። እኔ ከዚህ ነገር በኋላ የማታውን ሁለተኛ እንጀራ፤ ጠጁንና ከወጡ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅቤ ቀነስሁ፤ ወደ ሥራም በእግሬ እሄዳለሁ። በአንድ ዓመት ከ84 ኪሎ ወደ 77 ኪሎ ወረድሁ። ለጎልማሳ ሰው በሳምንት ከአንድ ኪሎ የበለጠ መቀነስ አይመከርም። ሯጭ የሆነ ጎልማሳም ሊቀንስ የሚገባው ቢሆን፤ ከውድድር ርቆ በዕረፍቱ ወራት ያድርገው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ግን ያለ ሐኪም ቃል አንድ ኪሎ ስንኳ እንዲቀንስ አይታዘዝ።

አንባቢዎቻችን በየቤታቸው እንዲሠሩበት የሚከተለውን ምክር እናቀርባለን።

1ኛ፤ ሯጭ ልጅ፤ ወንድም ሴትም ቢሆን፤ በፊተኛው ማዕድ ይቀመጥ። ይህ ባይሆን ድርሻው ሳይነካ ተለይቶ ይቀመጥለት። «ጠግቤአለሁ» ቢል አንድ ጊዜ ይታመን፤ በየቀኑ ቢደጋግም ግን ይጠየቅ።

2ኛ፤ ረጅም ሩጫ ያለበት ቀን፤ ከመሮጡ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ቁራሽ ዳቦ ከማር ጋር ወይም ጥቂት በሶ ይቅመስ። ከሩጫ ሲመለስም አንድ ሰዓት ሳያልፍ እህልና ወተት ወይም እንቁላል፤ በጾም ወራትም እህልና ጥራጥሬ ይብላ።

3ኛ፤ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ አይሰጠው። እነዚህ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ በደጋ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ደሙን ለመሥራት ብረት ያሻዋል። ቡናው አንድ ሰዓት ይቆየው። ሎሚ፤ ቲማቲምና ቃሪያ ግን ብረቱን ይረዱታልና ከምግቡ ጋር ይቅረቡ።

4ኛ፤ ሚዛን ቢያስፈልግ በሳምንት አንድ ቀን፤ በማለዳ፤ እህል ሳይቀመስ ይሁን። አሠልጣኝም የልጆችን ክብደት በጓደኞቻቸው ፊት አይጥራ፤ ሰውን ማሳፈር እግሩን አያፈጥነውምና።

5ኛ፤ ልማደ አንስት ሦስት ወር ቢቋረጥ፤ ወይም ልጅቱ 15 ዓመት ሞልቷት ገና ያልጀመራት ብትሆን፤ የአጥንት ሕመም ቢመላለስ፤ ብርድና የእንቅልፍ ማጣት ቢበዛ፤ ይህ የሩጫ ልማድ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ ሐኪም ይይ። እናቶች ይህን ለመጠየቅ፤ አባቶችም ለመስማት አይፈሩ።

የእኅቴ ልጅ ስምንት ሳምንት ከሩጫ እንድታርፍ ታዘዘች። ይህን በሰማች ጊዜ ከአጥንቷ ሕመም ይልቅ ይህ አስለቀሳት፤ የሠራሁት ሁሉ ጠፋ አለች። እኔም ስለ አበበ ቢቂላ ነገርኋት። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ማሸነፉን ታውቃለች፤ ከአራት ዓመት በኋላ የሆነውን ግን አልሰማችም ነበር። ወደ ቶክዮ ከመሄዱ አስቀድሞ የትርፍ አንጀት ሕመም ይዞት በቀዶ ጥገና ታከመ፤ ከዚያም ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጦ ዳግመኛ ወርቅ ተቀበለ። ማሞ ወልዴም ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ማራቶንን ሲያሸንፍ ዕድሜው 36 ነበር። በዓመታት የተከማቸ ብርታት በጥቂት ሳምንት ዕረፍት አይጠፋም፤ ለሚታገሥም ጊዜ አለ።

ዛሬ ልጅቱ 51 ኪሎ ትመዝናለች። ልማዷ በአራተኛው ወር ተመለሰ። ቀስ በቀስ መሮጥ ጀምራ አሁን ከጎባ እስከ ሮቤ ትደርሳለች፤ ሰዓቷ ግን ከሕመሟ በፊት ወደ ነበረበት ገና አልደረሰም። አጥንቷም ወደ ፊት እንዴት እንደሚሆን ሐኪሟ ቃል አልገባችልንም፤ እኔም ለአንባቢ የወርቅ ሜዳልያ ተስፋ አልሰጥም። አሠልጣኙን ቤቴ ጠርቼ አነጋገርሁት፤ እርሱም ከዚያ ወዲህ በልጆቹ ላይ ስለ ክብደት መናገር ትቷል።

በቤቴ የማዕዱ ተራ ሲለወጥ እናቴ «ሴት ልጅ ከአባወራው ጋር!» ብለው ጥቂት ቀን አጉረመረሙ። አሁን ግን በማለዳ ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው በሶውን የሚበጠብጡት እርሳቸው ናቸው፤ ልጅቱ ጽዋውን ጨርሳ ሳታሳያቸውም ከበር አያስወጧትም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ዛሬ ማታ ማዕድ ሲቀርብ ጥቂት ዝም ብላችሁ፤ በቤታችሁ ከሁሉ አብዝቶ የሚደክመው ማን እንደ ሆነ፤ ከሁሉ በኋላ የሚበላውም ማን እንደ ሆነ ተመልከቱ። ሁለቱ አንድ ሰው ሆነው ከተገኙ ምክራችንን አትናቁ። ለቤታችሁ ጤናን፤ ለልጆቻችሁም የጸና አጥንትን እንመኛለን።